«96 በመቶ ትክክል» የተባለው የጉበት ልኬት የት ላይ ነው የሚሳሳተው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሕክምና በሚጻፉ ዘገባዎች ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይደጋገማል፤ «ኮምፒውተሩ ጉበትን ከሲቲ ስካን ላይ በ96 በመቶ ትክክለኛነት ይለያል» የሚል። አኃዙ ከሜዳ የታፈሰ አይደለም፤ ምንጭ አለው። ችግሩ አንባቢው፣ አንዳንዴም ሶፍትዌሩን ሊገዛ ያሰበው ሆስፒታል፣ «ከመቶ ሕመምተኛ የዘጠና ስድስቱን በሽታ አወቀ» ብሎ መረዳቱ ነው። ሶፍትዌሩ ግን በሽታ አልመረመረም። የሠራው ሥራ ጉበት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በምስሉ ላይ ማስመር ብቻ ነው። መስመሩ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ 96 ሲባል ምን እንደሚለካ፣ የት የት ላይ እንደሚበላሽ ዘገባዎቹ ስለማይነግሩን ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከሥራው እንጀምር። የአዋቂ ሰው ጉበት ከላይ እስከ ታች 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሲቲ ስካኑ ሆዱን በየ5 ሚሊ ሜትሩ እየቆረጠ ካነሳው ጉበት ያለባቸው ምስሎች ከ30 እስከ 40፣ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ካነሳው ደግሞ ከ150 እስከ 200 ይደርሳሉ። በያንዳንዱ ምስል ላይ የጉበቱን ጠርዝ በማውዝ ተከትሎ መሳል ልምድ ላለው ራዲዮሎጂስት እንኳ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሶፍትዌሩ ይህን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ በመስመሩ ውስጥ የወደቁትን ነጥቦች ቆጥሮ በአንዱ ነጥብ ይዘት ማባዛት ነው፤ የጉበቱ መጠን በሚሊ ሊትር ይወጣል።

መጠኑን አጥብቆ የሚፈልገው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ነው። ዕጢ ያለበትን የጉበት ክፍል ቆርጦ ሲያወጣ የሚቀረው ክፍል ሰውየውን ማኖር መቻል አለበት። በቀዶ ሕክምናው ዓለም የተለመደው ወለል፣ ጉበቱ ጤነኛ ከሆነ ከሚሠራው ጉበት ቢያንስ 20 በመቶ፣ ብዙ ኬሞቴራፒ ከወሰደ 30 በመቶ፣ ሲሮሲስ (ጉበቱን በጠባሳ የሞላ በሽታ) ካለበት ደግሞ 40 በመቶ እንዲቀር ነው። ለንቅለ ተከላ ወደ ህንድ ወይም ወደ ቱርክ ለሚሄድ ሕመምተኛ ጉበቱን ከፍሎ የሚሰጠው ዘመድም በዚሁ ስሌት ያልፋል። የሚሰጠው ቁራጭ ከተቀባዩ ክብደት 0.8 በመቶ እንዳያንስ ይፈለጋል፤ ተቀባዩ 60 ኪሎ ከሆነ 480 ግራም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሰውነት ውስጥ ያለ ጉበት በደም የተሞላ ስለሆነ በሲቲ የተለካው ሚሊ ሊትር፣ ወጥቶ ደሙ ከታጠበ በኋላ በሚዛን ከሚገኘው ግራም ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሊትርን አንድ ግራም ነው ብሎ በደፈናው ማለፍ ለጋሹንም ተቀባዩንም ይጎዳል።

አሁን ወደ 96 እንምጣ። መለኪያው ዳይስ ይባላል። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሊ ዳይስ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው ሁለት ዓይነት ፍጥረታት ምን ያህል አብረው እንደሚገኙ ለመለካት ነበር፤ ስለ ጉበት አስቦ አያውቅም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባለሙያው ያሰመረውና ሶፍትዌሩ ያሰመረው የሚደራረቡበትን ይዘት በሁለት አባዝቶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል። ፍጹም ከገጠሙ 1፣ ጨርሶ ካልተገናኙ 0 ይሆናል። 0.96 ሲሆን በዜና ላይ «96 በመቶ» ይባላል።

1,500 ሚሊ ሊትር የሆነ ጉበት እንውሰድና ለስሌት እንዲመች ኳስ ነው እንበል። ሬዲየሱ 7.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሶፍትዌሩ ዙሪያውን አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ 62 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጎድላል፤ ከአራት በመቶ በላይ ነው። ድንች የላጠ ሰው ያውቀዋል፤ ስስ የመሰለው ልጣጭ ሲሰበሰብ ከተገመተው በላይ ነው። እውነተኛው ጉበት ደግሞ ጠፍጣፋና ባለ ሹል ጫፍ በመሆኑ ላዩ ከኳስ ይሰፋል፤ የሚጎድለውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሆኖ የኳሱ ዳይስ 0.98 ነው። አንዲቷን ሚሊ ሜትር ያነሳሁትም ያለምክንያት አይደለም፤ በሆድ ሲቲ ላይ የአንድ ፒክስል ጎን ብዙውን ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ያወራነው ከአንድ ፒክስል ተኩል ስለማይበልጥ ስሕተት ነው።

ዳይስ ስሕተቱ ወዴት እንዳደላም አይናገርም። ዳይሱ 0.95 ሆኖ ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከ1,500 ሚሊ ሊትሩ 143 ይጎድላል፤ ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ 158 ይጨምራል፤ እዚህ ጎድሎ እዚያ ከጨመረ ደግሞ ጠቅላላው መጠን ምንም ሳይዛነፍ ሊወጣ ይችላል። ሦስቱም 0.95 ናቸው። ለቀዶ ሐኪሙ ግን ሦስቱ የተለያዩ ሕመምተኞች ናቸው።

የከፋው የቦታው ጉዳይ ነው። ቀኙ የጉበት ክፍል በሰፊው ሲወጣ የሚቀረው በግራ በኩል ያለው ስስ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በታች ከጨጓራ፣ በላይ ከድያፍራሙ (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ማዶ ካለው ልብ ጋር ተጠግቶ ይተኛል፤ ሶፍትዌር በብዛት የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። በቁጥር እንየው። ጠቅላላ ጉበቱ 1,500፣ ዕጢው 200፣ የሚሠራው ጉበት 1,300፣ የሚቀረው የግራ ክፍል 250 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። የሚቀረው 19.2 በመቶ ነው፤ ከ20 በታች ስለሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ የቀኙን ፖርታል የደም ሥር (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣውን) ዘግቶ የግራው ክፍል እስኪያድግ ሳምንታት መጠበቅን ያስባል። ሶፍትዌሩ 30 ሚሊ ሊትር የጨጓራ ግድግዳ ወደ ጉበቱ ቢያስገባ ስሌቱ 280 ለ1,330 ሆኖ 21 በመቶ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል ማለት ነው። የዚህ ስሕተት ዳይስ ስንት ነው? 0.99። ሁለት ሾርባ ማንኪያ ያህል የሆነች ስሕተት፣ በሪፖርቱ ላይ ከሞላ ጎደል ፍጹም ተብላ ትመዘገባለች።

ወደ ዕጢው ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። ዲያሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ ዙሪያውን በዚያችው አንዲት ሚሊ ሜትር ቢያንስ ዳይሱ 0.68 ይሆናል። በጉበት ላይ 0.98 የሚያሰጥ ስሕተት በትንሽ ዕጢ ላይ ወደ 0.68 ያወርዳል። ስለዚህ «ለጉበት 96፣ ለዕጢ 70» የሚል ውጤት ሲወጣ ሶፍትዌሩ ዕጢን አያውቅም ማለት ላይሆን ይችላል፤ መለኪያው ራሱ ትንንሽ ነገር ላይ ይጨክናል። ለዕጢ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ከነበሩት ዕጢዎች ስንቱን አገኘ? ሳይኖር ስንት ፈጠረ? በ5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ላይ አንድ ምስል ብቻ ላይ ብቅ ብላ የምትጠፋ ዕጢ ጨርሶ ብትታለፍ አማካዩ ዳይስ አይናጋም።

እነዚህ አኃዞች የመጡት ጉበትን በኮምፒውተር ለማስመር ከተደረጉ ውድድሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ብሪዝበን ላይ በተካሄደው ስላይቨር ውድድር ለልምምድ 20፣ ለፈተና 10 ሲቲዎች ቀረቡ። ያኔ ብዙዎቹ ዘዴዎች የጉበትን አማካይ ቅርጽ አስቀድመው ይዘው ምስሉ ላይ የሚያለብሱ ነበሩ። በ2015 ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዩ-ኔት የተባለው የነርቭ መረብ (ከምሳሌዎች የሚማር ፕሮግራም) ወጣ። ምስሉን ደረጃ በደረጃ እያሳነሰ «ይህ በአጠቃላይ ምንድን ነው?» የሚለውን ይለያል፤ ከዚያ መልሶ እያሰፋ፣ በመጀመሪያው ጉዞ የያዘውን ዝርዝር ጎን ለጎን እየተቀበለ ጠርዙን ያስተካክላል። ዛሬ የምንጠቀምበት ሁሉ ለማለት ይቻላል የዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። በ2017 የተጀመረው ሊትስ ውድድር 131 ሲቲ ለሥልጠና፣ 70 ለፈተና አቀረበ። 0.96 የተባለው የጉበት ውጤትና ወደ 0.70 የሚጠጋው የዕጢ ውጤት ከዚህ የወጡ ናቸው።

የሊትስ ምስሎች የተሰበሰቡት በአውሮፓ፣ በካናዳና በእስራኤል ካሉ ተቋማት ነው። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም፤ በነፃ ማካፈላቸው ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ሶፍትዌር ያላየውን አያውቅም። በእኛ ሀገር ሆስፒታሎች የሚታየው ጉበት በብዙ መልኩ ይለያል። በከብት አርቢ አካባቢዎች ሃይዳቲድ የተባለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በጣና ዙሪያና በሌሎች የሐይቅና የመስኖ አካባቢዎች ቢልሃርዚያ በፖርታል የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ጥሎ የቀኙን ክፍል ያኮማትራል፣ የግራውን ያገዝፋል፣ ጣፊያን ያሳብጣል። የአሜባ መግል አለ። ሄፓታይተስ ቢን ተከትሎ የሚመጣው ሲሮሲስ ሆድን በውኃ ሞልቶ ጉበቱን ከግድግዳው ያርቀዋል። ዕጢውም ብዙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ከገዘፈ በኋላ ነው።

ሃይዳቲዱን ቀረብ ብለን እንየው፤ ስሕተቱ እንዴት እንደሚወለድ ያሳያል። ሲቲ ስካን ለያንዳንዱ ነጥብ ሃውንስፊልድ የተባለ ቁጥር ይሰጣል፤ ውሃ 0፣ አየር −1000። ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ፣ አካላትን በምስሉ ላይ የሚያደምቅ ፈሳሽ) ተሰጥቶ በትክክለኛው ሰዓት የተነሳ ጉበት ከ100 እስከ 120 ይሆናል። የከረጢቱ ፈሳሽ ግን ለውሃ የቀረበ ነው። ሶፍትዌሩ የተማረው ጉበት 100 ላይ እንደሆነ ስለሆነ ከረጢቱን «ይህ ጉበት አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ከረጢቱ በጉበት ሥጋ ተከብቦ መሐል ላይ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ የቀረ ቀዳዳን የሚደፍነው የሶፍትዌሩ ትእዛዝ በኋላ ይሞላዋል። ላዩ ላይ ወጣ ብሎ ከሆነ ግን፣ ብዙውን ጊዜም እንደዚያ ነው፣ ክፍት ጎድጓዳ እንጂ ዝግ ቀዳዳ ስላልሆነ ትእዛዙ አይነካውም፤ ግማሽ ሊትር ከረጢት ከነ ዙሪያው ጠርዝ ይጠፋል። የጉበት ዕጢ ላዩ ላይ ሲያብጥም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከረጢቱን ከጉበትና ከዕጢ ሌላ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ስያሜ ሰጥቶ ማስተማር ነው፤ ሐኪሙ ሲፈልግ ይደምረዋል፣ ሲፈልግ ይቀንሰዋል።

የሰዓቱን ጉዳይ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ በፖርታል የደም ሥር በኩል፣ አንጀትንና ጣፊያን ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኮንትራስት በክንድ ከገባ ከ30 እስከ 35 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ቢነሳ ጉበቱ ገና አልደመቀም፤ ወደ 70ኛው ሴኮንድ ገደማ ነው የሚደምቀው። ያለ ኮንትራስት ከተነሳ ደግሞ ጉበቱ ከ55 እስከ 65፣ ጣፊያው ከዚያ ወደ 10 ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በስስ ቁራጭ ላይ የምስሉ ጫጫታ (የነጥቦቹ ቁጥር ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ማለት) ብቻውን ከዚህ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ስብ የበዛበት ጉበት ያለ ኮንትራስት ከ40 በታች ይወርድና የደም ሥሮቹ ከሥጋው ደምቀው ይታያሉ፤ መልኩ ተገልብጦ የቀረበለት ሶፍትዌር ቢደናገር አይፈረድበትም። ኮንትራስት ከመጋዘን ሲያልቅ ወይም ኩላሊት ሲደክም ያለሱ ይነሳል፤ የግድ ነው። ያኔ ግን በኮንትራስት ምስል የተማረውን ሶፍትዌር ውጤት ያለ ማረም መቀበል አይቻልም። ኤምአርአይ ደግሞ ሃውንስፊልድ የሚባል የጋራ ቁጥር ስለሌለው ለብቻው የተማረ ሞዴል ይፈልጋል፤ ለሲቲ የተሠራውን አምጥቶ መለጠፍ አይሆንም።

የጉበቱ አናት ሌላው ቦታ ነው። ድያፍራሙ ሥር ጉበቱ እንደ ጉልላት ይታጠፋል። ቁራጩ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአንድ ነጥብ ውስጥ ግማሹ ጉበት፣ ግማሹ ሳንባ ይሆናል። 100 እና −850 ሲማከሉ −375 ይሰጣሉ፤ በሰውነት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥጋ የለም። ባለሙያ አንዱ ያስገባዋል፣ ሌላው ይተወዋል። ሕመምተኛው ትንፋሹን በደንብ ካልያዘ ጉልላቱ ሁለት ጊዜ ይታያል። የቁራጩን ችግር የሚያቃልለው ሶፍትዌር አይደለም፤ ምስሉን በ1 ወይም በ1.5 ሚሊ ሜትር አውጥቶ ማስቀመጥ ነው። ማሽኖቹ ይችላሉ። ብዙ ቦታ ግን ማከማቻ ለመቆጠብ ሲባል የሚቀመጠው ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ነው፤ ጥሬው መረጃ ከኮንሶሉ ላይ በጥቂት ቀን ይጠፋና ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

ፋይሉ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ከነርቭ መረቡ ጥፋት ይልቅ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ስለማይታይ ብቻ አይወራም። በዲኮም ፋይል (የሲቲ ምስል በሚቀመጥበት መደበኛ የፋይል ዓይነት) ውስጥ የቁራጩ ውፍረትና በሁለት ቁራጮች መካከል ያለው ርቀት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ውፍረቱ 5 ሆኖ ምስሉ በየ2.5 ሚሊ ሜትሩ ተደራርቦ የወጣ ከሆነና ፕሮግራም ጻፊው በውፍረቱ ካባዛ 1,500 የነበረው ጉበት 3,000 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መስመሩ ፍጹም ትክክል ነው፤ ዳይሱም አይነካም፤ መጠኑ ግን እጥፍ ነው። ርቀቱ መወሰድ ያለበት በያንዳንዱ ምስል ላይ ከተመዘገበው የቦታ አድራሻ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እኩል ካልሆነ አንድ ምስል ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና ፕሮግራሙ ቆሞ መናገር አለበት።

ዲኮምን ለምርምር ወደሚመች ናይፍቲ ፋይል ሲቀይሩ ደግሞ ግራና ቀኝ የሚቆጠሩበት አቅጣጫ ይገለበጣል። በትክክል ያልተያዘ እንደሆነ ጉበቱ በግራ በኩል ተገኝቶ ሶፍትዌሩ ጣፊያውን ጉበት ብሎ ሊያሰምር ይችላል። በሊትስ መረጃ ላይ ለሚሠሩ ወጣቶችም አንድ ማስታወሻ፦ እዚያ ጉበቱ 1፣ ዕጢው 2 ተብሎ ነው የተሰየመው። «ጉበት» ብሎ 1ን ብቻ የወሰደ ሰው ሶፍትዌሩን ባለ ቀዳዳ ጉበት እያስተማረው ነው፤ ሁለቱ መደመር አለባቸው።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በቴሌግራም የሚላከው ምስል ነው። ዲኮም በሺዎች የሚቆጠሩ የግራጫ ደረጃዎችን ይይዛል፤ ከስክሪን ላይ በስልክ የተነሳ ወይም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል 256 ደረጃ ብቻ ቀርቶለት፣ ያውም ተጨምቆ ይደርሳል። ሃውንስፊልዱ ጠፍቷል፣ የፒክስሉ ልክ ጠፍቷል። ከዚያ ላይ ሚሊ ሊትር አወጣለሁ የሚል ካለ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩ። ዲኮሙን በዚፕ አድርጎ እንደ ፋይል መላክ ልኩን ያድናል፤ ነገር ግን የሕመምተኛው ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይሄዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አያዋጣም። ስሙ ከመላኩ በፊት ይጥፋ፤ አንዳንድ ማሽን ስሙን ምስሉ ላይ ጭምር ስለሚያትመው በዓይንም ይታይ።

ታዲያ ሆስፒታል ምን ያድርግ? አለመግዛት አይደለም መልሱ። በነፃ የሚገኙ አሉ፤ ከሃይደልበርግ የወጣው ኤንኤን-ዩኔት፣ ከባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣው ቶታል ሴግመንቴተር፣ መስመሩን ለማየትና ለማረም ደግሞ ስሪዲ ስላይሰር። ቶታል ሴግመንቴተር በ3 ሚሊ ሜትር የሚሠራ ፈጣን አማራጭ ስላለው ውድ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተርም ይሞከራል፤ ያ አማራጭ ግን ለሙከራ እንጂ ከላይ ላየነው የ30 ሚሊ ሊትር ጉዳይ አይሆንም። የተገዛም ይሁን ነፃ፣ በራስ ሕመምተኞች ላይ ሳይፈተን በቀዶ ሕክምና ውሳኔ ላይ መግባት የለበትም።

ፈተናው 30 ሲቲ ይበቃዋል፤ ንጹሕ ንጹሑን መምረጥ ግን ራስን ማታለል ነው። ከሰባት ወይም ከስምንት የማይበልጡት ጤነኛ ይሁኑ፤ የቀሩት ሃይዳቲድ፣ ቢልሃርዚያ፣ የሆድ ውኃ፣ ትልቅ ዕጢ፣ ስብ የበዛበት፣ ከዚህ ቀደም የተቆረጠ፣ ያለ ኮንትራስት የተነሳ ይግቡባቸው። ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ በጽሑፍ ይወሰን፤ የሐሞት ከረጢት ውጭ፣ ታችኛው ታላቁ ደም መላሽ ሥር ውጭ፣ የፖርታሉ ግንድ ጉበት እስኪገባ ድረስ ውጭ፣ በጉበቱ ውስጥ ያሉት ሥሮች ውስጥ። ይህ ካልተጻፈ ሶፍትዌሩና ባለሙያው ሳይሳሳቱ ይለያያሉ። ሁለት ራዲዮሎጂስቶች እርስ በርስ ሳይተያዩ ሁሉንም ያስምሩ። በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ነው ሚዛኑ፤ ሶፍትዌሩ ከሁለቱ ሰዎች ልዩነት ባልበለጠ ከተሳሳተ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይቻልም።

ውጤቱ ሲጻፍ አማካዩ ብቻ አይጻፍ። ሃያ ዘጠኙ 0.97 ሆነው አንዱ 0.40 ቢሆን አማካዩ 0.95 ነው፤ ያ አንዱ ሰው ግን ወንድም እህት፣ አባት እናት ያለው ሰው ነው። የመጠን ልዩነቱ በሚሊ ሊትር፣ ከነ መደመሩና መቀነሱ፤ የጠርዝ ርቀቱ በሚሊ ሜትር፤ ከሁሉ የከፉት አምስቱ ከነ ምስላቸው ይቅረቡ። የግራው ክፍል ለብቻው ይለካ። በዕለት ሥራም ላይ ባለሙያው መስመሩን በተለመደው አግድም ቁራጭ ብቻ እያየ ቢያጸድቅ አናቱና የታችኛው ጫፍ ያመልጡታል፤ ከፊት ለፊትና ከጎን በተቆረጠው ምስል ላይ ግን ወዲያው ዓይን ይስባሉ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢጨምር ነው። ሰው አስቀድሞ የተሰመረ መስመር ሲያይ ለመቀበል ያደላልና ያረመውና ያላረመው ቁጥር ይመዝገብ፤ ለወራት ምንም አላረምኩም የሚል ክፍል እያየ አይደለም።

ሠላሳዎቹን ሲቲዎችና የሁለቱን ባለሙያዎች መስመር ሆስፒታሉ በራሱ እጅ ያስቀምጥ፤ ለሻጩ አይስጥ። ሶፍትዌሩ በአዲስ እትም ሲቀየር፣ የሲቲ ማሽኑ ሲለወጥ ወይም የኮንትራስት አሰጣጡ ሲሻሻል ያንኑ ፈተና እንደገና ማስኬድ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የሕክምና ምስል ባለሙያ
አዲስ አበባ